ስለ ብስክሌት ሲጠየቅ፦ የእንግሊዝኛ የንግግር ፈተና እንዴት ይመለሳል?

ፈተናው ምን ዓይነት ነው?

አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ፣ በእንግሊዝኛ በሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች ለመማር ወይም እንግሊዝኛ ወደሚነገርባቸው አገሮች ለሥራና ለኑሮ ለመሄድ የሚያመለክቱ ሰዎች የሚወስዱት ፈተና ነው። ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር የተባሉ አራት ክፍሎች አሉት። እዚህ የሚብራራው የመጨረሻው ብቻ ነው። የንግግር ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይወስዳል፤ አንድ ፈታኝና አንድ ተፈታኝ እየተያዩ የሚነጋገሩበት ሲሆን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በድምፅ ይቀረጻል።

ንግግሩ በሦስት ይከፈላል። በመጀመሪያው ክፍል ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ስለ ዕለት ተዕለት ኑሮ አጫጭር ጥያቄዎች ይቀርባሉ። በሁለተኛው ክፍል ተፈታኙ አንድ ርዕስና ጥቂት መነሻ ነጥቦች የሰፈሩበት ካርድ፣ እንዲሁም ወረቀትና እርሳስ ይሰጠዋል፤ 1 ደቂቃ ያስብና ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ለብቻው ይናገራል። ሦስተኛው ክፍል ከ4 እስከ 5 ደቂቃ የሚቆይ ውይይት ነው፤ ከካርዱ ርዕስ ተነሥቶ ወደ ማኅበረሰብ፣ ወደ ከተማና ወደ መንግሥት ፖሊሲ (የአሠራር አቅጣጫ) ይሰፋል።

ብስክሌት ለሦስቱም ክፍሎች የሚመች ርዕስ ነው። የልጅነት ትዝታ አለበት፣ መጓጓዣ ነው፣ የጤናና የመንገድ ጉዳይም ነው፤ በዚያ ላይ ማንም ሰው አይቶት ያውቃል። ስለዚህ አንድ ተፈታኝ በዚህ አንድ ዕቃ ላይ መለማመዱ ሦስት ዓይነት አነጋገር ያስተምረዋል፦ ስለ ራስ ባጭሩ መመለስ፣ አንድ ታሪክ መተረክና ስለ ብዙ ሰው ማሰብ።

ነጥቡ ለምን ይሰጣል?

ፈታኙ የሚመዝነው አራት ነገር ነው። አንደኛው ቅልጥፍናና የሐሳብ ተያያዥነት፣ ሁለተኛው የቃላት ሀብት፣ ሦስተኛው የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት፣ አራተኛው የድምፅ አወጣጥ ነው። አራቱ እኩል ክብደት አላቸው፤ ውጤቱም እስከ 9 በሚደርስ መለኪያ ይገለጻል። ከአራቱ መካከል ስለ ብስክሌት ማወቅ የሚባል መስፈርት እንደሌለ ማስተዋል ይገባል።

ልዩነቱ በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ዛሬ ብስክሌት ለሚባለው ነገር መነሻ የሆነውን ባለሁለት ጎማ መሣሪያ ጀርመናዊው ካርል ፎን ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 ሠርቶ ነድቶታል፤ ፔዳል ስላልነበረው ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር የሚሄደው። ይህን ሁሉ አጥንቶ የመጣ ተፈታኝ ግሱን በአሁን ጊዜ አድርጎ «ሂ ሜክ» ቢል የሰዋስው ነጥቡ ይቀንሳል። ብስክሌትን ቻይናውያን ፈለሰፉት ብሎ የተሳሳተው ሌላው ተፈታኝ ግን «ዋዝ ኢንቬንትድ» ብሎ ዐረፍተ ነገሩን በትክክል ከገነባ ምንም አይጎድልበትም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ተፈታኞችን ያስገርማል፦ ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ ሰው ነድቶ ከሚያውቀው ያላነሰ የሚናገረው አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። እዚያ ያደገ ሰው ብስክሌት ያልለመደበትን ምክንያት ሲዘረዝር ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ ሚኒባሱ፣ ስለ እናቱ ፍርሃትና ስለ ጎረቤት ልጅ ብስክሌት ይናገራል። አልችልም ማለት ንግግሩን የሚዘጋው ምክንያቱ ሳይነገር ሲቀር ብቻ ነው። እንዲያውም ነድቻለሁ ብሎ የፈጠራ ታሪክ የሚጀምር ሰው ከሁለት ዐረፍተ ነገር በኋላ ዝርዝር ያልቅበታል፤ እውነት የሚናገረው ግን ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው።

በመጀመሪያው ክፍል ምን ያህል መናገር ይበቃል?

«ብስክሌት ይነዳሉ?» ወይም «በሚኖሩበት ከተማ ብስክሌት የተለመደ ነው?» ለሚል ጥያቄ ከሁለት እስከ አራት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። «የስ» ብሎ ዝም ማለት ለፈታኙ የሚመዝነው ነገር አያቀብለውም። በአንጻሩ በዚህ ክፍል ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ መናገር ጥያቄውን አለመረዳት ያስመስላል። መልስ፣ ምክንያት፣ ከዚያም ከኑሮ የተወሰደ አንድ ትንሽ ነገር ከተነገረ በቂ ነው። አጭር መልስ በአገራችን የትምህርት ቤት ልማድ የአክብሮት ምልክት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል፤ ታላቅ ሰው ሲጠይቅ ልጅ «አዎ፣ ጋሼ» ብሎ አንገቱን ይደፋል። በዚህ ፈተና ያ ጨዋነት ዋጋ ያስከፍላል።

ሌላው ችግር ከአማርኛ የዐረፍተ ነገር አሠራር የሚመጣ ነው። በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከውጤቱ ይቀድማል። «ቤቴ ሩቅ ስለሆነና መንገዱ ዳገት ስለሚበዛበት ወደ ሥራ በብስክሌት አልሄድም» በሚለው ዐረፍተ ነገር ይሄዳል ወይስ አይሄድም የሚለው የሚታወቀው የመጨረሻው ቃል ላይ ሲደረስ ነው። አማርኛ ሰሚ ይህን በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ጆሮው የለመደው ነው።

እንግሊዝኛ ሰሚ ግን አሉታውን መጀመሪያ ይጠብቃል። በአማርኛው ቅደም ተከተል «ቢኮዝ ማይ ሀውስ ኢዝ ፋር» ብሎ የጀመረ ተፈታኝ ሦስትና አራት ምክንያት ሲደረድር ዋናውን ዐረፍተ ነገር ይረሳዋል፤ በ«ቢኮዝ» የተጀመረው ነገርም ሳይቋጭ ይቀራል። ስለዚህ መልሱን ማስቀደም ይጠቅማል፦ «ኖ፣ አይ ዶንት»፤ ቀጥሎ ምክንያቱ። እንዲህ ሲደረግ ተያያዥነቱ ይጠበቃል፤ ተፈታኙም ዋናውን ነገር አስቀድሞ ስለተናገረ ልቡ ይረጋጋል።

«መንዳት» በእንግሊዝኛ ምን ይሆናል?

አማርኛ ከብትም መኪናም ብስክሌትም በአንድ ግስ ይነዳል። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። ከብትና መኪና «ድራይቭ» ሲሆኑ ብስክሌት «ራይድ» ነው። ለ«ራይድ» በአማርኛ የሚቀርበው «መጋለብ» ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ፈረስም ሞተር ብስክሌትም ብስክሌትም በእንግሊዝኛ በዚሁ ግስ ይጠራሉና። ለማስታወስ የሚረዳው ነገር አቀማመጡ ነው፦ እግር ግራና ቀኝ ተከፍቶ ኮርቻ ላይ የሚወጣበት ሁሉ «ራይድ» ይባላል። የግሱ የጊዜ ቅርጾችም መጠናት አለባቸው፤ ያለፈው ጊዜ «ሮድ»፣ ከ«ሀቭ» ጋር የሚመጣው ደግሞ «ሪድን» ነው። «አይ ሀቭ ሮድ» የሚለው ስህተት የተለመደ ነው።

«ብስክሌት ለመድኩ» የሚለውም እንዳለ ሲወሰድ ይጎድላል። በአማርኛ የተለመደው ነገር መንዳት መሆኑ ሳይነገር ይታወቃል፤ በእንግሊዝኛ ግን «ለርንድ ቱ ራይድ» ተብሎ ግሱ መጠቀስ አለበት። «ወደቅሁ» ሲባልም «ፌል» ብቻውን መሬት ላይ መውደቅን እንጂ ከብስክሌቱ ላይ መውደቅን አይገልጽም፤ «ፌል ኦፍ» ያስፈልጋል።

«በ» የምትለዋ ትንሽ ቃል የባሰች ናት። በብስክሌት፣ በመንገድ፣ በቁልፍ፣ በጠዋት እያለች አማርኛ ውስጥ ብዙ ትሠራለች፤ በእንግሊዝኛ ሥራዋ ለብዙ ቃላት ተከፋፍሏል። የመጓጓዣውን ዓይነት ለመናገር «ባይ ባይክ» ይባላል፤ በመካከላቸው «ኤ»ም «ዘ»ም አይገባም። የራስን ብስክሌት ለይቶ ለመናገር «ኦን ማይ ባይክ» ይባላል። «ዊዝ ማይ ባይክ» የሚል ሰው ብስክሌቱን ይዞት እንጂ ወጥቶበት እንደሄደ አይሰማም። በመጨረሻም ባለቤቱ ብስክሌቱን በፍቅር «እሷ» እያለ ሊጠራ ይችላል፤ በፈተናው ላይ ግን «ኢት» ማለቱ ይመረጣል።

የክፍሎቹ ስም ከየት ይምጣ?

አማርኛ ተናጋሪ የብስክሌትን ክፍሎች በባዕድ ስም ያውቃቸዋል፤ ነገር ግን ባዕዱ ጣሊያን ነው። ብስክሌት የሚለው ስም ራሱ፣ ጎማ፣ ፍሬን (ማቆሚያ)፣ ማርሽ (የፍጥነትና የጉልበት መለወጫ ጥርስ)፣ ፓራፋንጎ (ጭቃ መከላከያ)፣ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ሳይቀር ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቃላቱ የፈረንጅ በመሆናቸው ተፈታኙ እንግሊዝኛ ይመስሉታል፤ ጭንቀት ሲመጣም እነርሱው ቀድመው አፉ ላይ ይደርሳሉ።

ፍሬን በእንግሊዝኛ «ብሬክ»፣ ማርሽ «ጊር»፣ ፓራፋንጎ «መድጋርድ» ነው። ጎማ «ታየር» ይባላል፤ ወደ ጎማ የሚቀርበው «ገም» ግን ማስቲካን ያስታውሳል። የብስክሌት መሪ «ሀንድልባር» እንጂ የመኪናው «ስቲሪንግ ዊል» አይደለም። ጎማው ሲተነፍስ «ፍላት ታየር» ይባላል፤ ቀጥተኛ ትርጉሙ ጠፍጣፋ ጎማ ነው፤ ሚስማር ወይም እሾህ የፈጠረው ቀዳዳ ደግሞ «ፐንክቸር» ይባላል። እነዚህን አንድ አሥር ያህል ቃላት ማወቅ ይበቃል። ሁሉንም የብስክሌት ዕቃ መሸምደድ የጋራዥ ባለሙያ እንጂ የተፈታኝ ሥራ አይደለም።

ቃሉ ጭራሽ ከጠፋ መፍትሔው ዙሪያውን ማስረዳት ነው። «ሀንድልባር» ያልመጣለት ሰው በእጅ የሚያዘውና አቅጣጫ የሚቀየርበት ክፍል ብሎ በእንግሊዝኛ ቢገልጸው የቃላት ሀብቱን ያሳያል። ይህ ችሎታ በመመዘኛው ውስጥ በራሱ ቦታ አለው። ጎጂው ለአንድ ቃል ሲባል ግማሽ ደቂቃ ጣራ ማየት ነው።

በሁለተኛው ክፍል 2 ደቂቃ እንዴት ይሞላል?

ካርዱ «ብስክሌት መንዳት የለመዱበትን ጊዜ ይግለጹ» የሚል ነው እንበል። ከሥሩ የት እንደነበረ፣ ማን እንዳስተማረ፣ ምን እንደተከሰተና ምን እንደተሰማ የሚጠይቁ ነጥቦች ይኖራሉ። በ1 ደቂቃ ውስጥ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ የሚሞክር ሰው ሁለተኛው መስመር ላይ ሳለ ጊዜው ያልቅበታል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍሩት ነጠላ ቃላት ናቸው፦ ባሕር ዳር፣ ኪራይ፣ ረጅም ኮርቻ፣ ታላቅ ወንድም፣ ጉልበት፣ ሳቅ።

ከእነዚህ ስድስት ቃላት ታሪክ ይወጣል። ባሕር ዳር ጣና ዳር የተዘረጋች ሜዳማ ከተማ ናት፤ በብስክሌትም ትታወቃለች። ብስክሌት በሰዓት የሚያከራይ ሰው አለ፤ ልጁ የዳቦ ሳንቲም አጠራቅሞ ይከራያል። ብስክሌቱ የአዋቂ ነው፤ ኮርቻው ላይ ቢቀመጥ እግሩ ፔዳሉ ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ አንድ እግሩን ከብረቱ ሥር አሹልኮ እየተንጋደደ ይነዳል። ታላቅ ወንድሙ ከኋላ ይዞት ይሮጣል፤ ይዤሃለሁ እያለው መልቀቁን ልጁ የሚያውቀው ዞር ሲል ነው። ዞር በማለቱም ይወድቃል። ይህ ታሪክ ጥሩ የሚሆነው ትልቅ ነገር ስለተፈጸመበት አይደለም፤ እያንዳንዱ ዝርዝር ቀጣዩን ስለሚጎትት ተናጋሪው አይደናቀፍም።

በዚህ ትረካ ውስጥ አንድ የሰዋስው ወጥመድ አለ። አማርኛ «እነዳ ነበር» ሲል ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንዱ ልማድ ነው፦ ልጅ ሳለሁ በየቅዳሜው እነዳ ነበር። ሌላው በመካሄድ ላይ ያለ ድርጊት ነው፦ ወንድሜ ሲለቀኝ እየነዳሁ ነበር ለማለት። እንግሊዝኛ ለመጀመሪያው «ዩዝድ ቱ ራይድ»፣ ለሁለተኛው «ዋዝ ራይዲንግ» የሚሉ የተለያዩ ቅርጾች አሉት። ውድቀቱ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጀምሮ ያለቀ ስለሆነ «ፌል ኦፍ» ይሆናል። «ነበር»ን ሁሉ በ«ዋዝ» መተርጎም ሦስቱን ያደባልቃል፤ ሦስቱን ለይቶ የተጠቀመ ተፈታኝ ግን በአንድ አጭር ታሪክ የሰዋስው ስፋቱን አሳይቷል።

አብዛኛውን ጊዜ የካርዱ የመጨረሻ ነጥብ ስሜትን ወይም ምክንያትን እንዲያብራሩ ይጠይቃል። ተፈታኞች ለቦታውና ለቀኑ ብዙ ጊዜ ሰጥተው ይህንን በአንድ ቃል ያልፉታል፤ «ሀፒ» ብለው ያበቃሉ። ሀብቱ ያለው ግን እዚህ ነው። ልጁ በወደቀ ጊዜ ወንድሙ ስለሳቀ ተናደደ፤ በኋላ ግን ሳይያዝ የሄደበትን ርቀት ሲያይ ንዴቱ ወደ ኩራት ተለወጠ። ስሜት እንዴት እንደተለወጠ መናገር ለ30 ሰከንድ የሚበቃ ቁም ነገር ይሰጣል። 2 ደቂቃው ሲሞላ ፈታኙ ንግግሩን ያቋርጣል፤ ይህ ደንብ እንጂ ቅጣት አይደለም፤ ታሪኩ ሳያልቅ ቢቀርም ነጥብ አይቀነስም።

በቃል የተሸመደደ ታሪክ ይዞ መግባት አያዋጣም። ፈታኞች ይህን ለመለየት የሠለጠኑ ናቸው፤ የድምፁ ፍጥነትና የቃላቱ ደረጃ ከቀደመው ጭውውት ጋር አይገጥምምና ቶሎ ይታወቃል።

ከራስ ወደ ሕዝብ እንዴት ይሻገራል?

በሦስተኛው ክፍል ጥያቄው ስለ ተፈታኙ መሆኑ ያበቃል። «በአንዳንድ ከተሞች ሰዎች ብስክሌት የማይጠቀሙት ለምንድን ነው?» ወይም «መንግሥት የብስክሌት መንገድ መሥራት አለበት?» ተብሎ ሲጠየቅ «እኔ ግን እወዳለሁ» ብሎ ወደ ራስ መመለስ ከጥያቄው መውጣት ነው። እዚህ ላይ «ፒፕል»፣ «ሞስት ፋሚሊስ»፣ «ሲቲ ድዌለርስ» (የከተማ ነዋሪዎች) የሚሉ ባለቤቶች ይመጣሉ።

የተለመደው መልስ ብስክሌት ለጤና ጥሩ ነው፣ አየር አይበክልም፣ ገንዘብ ይቆጥባል የሚል ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ስህተት የለበትም፤ ጉድለቱ አንዱ ሐሳብ ከሌላው ጋር አለመያያዙ ነው። በምክንያትና በውጤት የተሳሰረ አንድ ሐሳብ ከሦስት የተደረደሩ ጥቅሞች ይበልጣል። የኔዘርላንድስ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዚያች አገር ዛሬ የብስክሌቱ ቁጥር ከሕዝቡ ይበልጣል፤ ሕዝቡ ከ17 ሚሊዮን፣ ብስክሌቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መኪና መንገዱን እየያዘ ብስክሌቱን ገፍቶት ነበር። በመኪና አደጋ የሚሞቱ ሕፃናት ሲበዙ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወላጆችና ሌሎች ዜጎች አደባባይ ወጡ፤ በ1973 የነዳጅ ቀውስ ተከተለ፤ ከተሞችም ለብስክሌት የተለየ መንገድ መሥራት ጀመሩ። ይህን ያወቀ ተፈታኝ ብስክሌት የሚበዛው ሰዉ በተፈጥሮው ስለሚወደው ሳይሆን መንገዱ ስለሚፈቅድለት ነው የሚል መከራከሪያ ያገኛል። የማያውቀውም ባሕር ዳርን ከአዲስ አበባ፣ ሜዳን ከዳገት አነጻጽሮ ያው ዓይነት ክርክር መገንባት ይችላል።

በዚህ ክፍል ሁሉን ነገር በእርግጠኝነት መናገር አይመከርም። አማርኛ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ይመስለኛል»፣ «በአብዛኛው» እያለ ንግግሩን እንደሚያለዝብ ሁሉ እንግሊዝኛም «ፕሮባብሊ»፣ «ማይት»፣ «ቴንድ ቱ» አለው። የብስክሌት መንገድ ቢሠራ ብዙ ሰው ይነዳ ነበር የሚለው ግምታዊ ሐሳብም «ኢፍ» እና «ዉድ» ያሉበትን ዐረፍተ ነገር በተፈጥሮ ይጠራል፤ ተፈታኙ ውስብስብ ሰዋስው ለማሳየት ሲል ሌላ ነገር መፍጠር አያስፈልገውም።

«ባይሳይክል» ለምን ስህተት ሆነ?

በከተማ አማርኛ ብስክሌት «ሳይክል» መባሉ ተፈታኙን ያሳስተዋል። ቃሉን የሚያውቅ ሰው ፊቱ ላይ «ባይ» ጨምሮ «ባይሳይክል» ይላል። ትክክለኛው አነባበብ «ባይሲክል» ነው፤ ድምፅ የሚጠብቀው መጀመሪያው ላይ ሲሆን የቀረው ፈጠን ብሎ ያልፋል። ግራ የሚያጋባው «ሳይክል» ብቻውን ሲቆምና «ሞተርሳይክል» ውስጥ ሲገባ «ሳይ» መባሉ ነው። «ባይክ» የሚለው አጭር ስም ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል፤ እንግሊዞችም በጭውውት የሚያዘወትሩት እርሱን ነው።

የግዕዝ ፊደል እዚህ ላይ አቅሙ ውስን መሆኑን መናገር ተገቢ ነው። «ጤናማ» ለማለት የሚነገረውን ቃል «ሄልዚ» ወይም «ሄልሲ» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ሁለቱም ግን ልክ አይደሉም፤ ድምፁ የሚወጣው ምላስ በጥርሶች መካከል ብቅ ሲል ነውና። ይህ ቃል በብስክሌት ርዕስ ላይ ደጋግሞ ስለሚመጣ በመስታወት ፊት መለማመዱ አይከፋም። «ብሬክ» ሲባልም ፊደሉ «ብ» ብሎ አናባቢ ያስገባል፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱ ተነባቢዎች ተጣብቀው ነው የሚወጡት። የአማርኛ ቅላጼ መሰማቱ በራሱ ነጥብ አያስቀንስም፤ የሚመዘነው ንግግሩ ያለ ችግር መሰማቱ ነው።

ጥያቄው ካልገባስ?

«ኮምዩት» የሚል ቃል በጥያቄው ውስጥ ሊመጣ ይችላል፤ ከቤት ወደ ሥራ በየቀኑ መመላለስ ማለት ነው። አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል ስለሌለው ብዙዎች ይደናገጣሉ፤ ሳይገባቸውም ስለ ኮምፒውተር መልስ የሚጀምሩ አይጠፉም። ጥያቄው እንዲደገም «ኩድ ዩ ሪፒት ዘ ክዌስቸን፣ ፕሊዝ?» ብሎ መጠየቅ ይፈቀዳል። በሦስተኛው ክፍል ደግሞ ፈታኙ ጥያቄውን በሌላ አባባል ሊያቀርበው ይችላል፤ ለምሳሌ «ኮምዩት» የነበረውን «ጎ ቱ ወርክ» ብሎ።